ዲዲ፤ የ«ደረቅ ቅጠል» ምት ባለቤት

ዓለም ዲዲ እያለ የሚጠራው ዋልዲር ፔሬራ በብራዚል አገር፣ ካምፖስ በተባለች ከተማ በ1928 ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የ14 ዓመት ልጅ ሳለ በኳስ ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳ። ቁስሉ አመርቅዞ እግሩ ሊቆረጥ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር፤ በተሽከርካሪ ወንበር እስከ መሄድም ደረሰ። እግሩ ግን ተረፈለት። ካደገም በኋላ መሮጥ ያለባት ኳሷ እንጂ ተጫዋቹ አይደለም የሚል እምነት ነበረው።

ኋላም ቁርጭምጭሚቱ ታመመ። እንደ ልማዱ ሲመታ ሕመሙ ስለ ጸናበት፣ ሳያመው የሚመታበትን ሌላ መንገድ ይፈልግ ጀመር። «ደረቅ ቅጠል» የተባለው ምት የተገኘው ከዚህ እንደሆነ ይነገራል።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። ኳስ ልክ መካከሏን ከተመታች ብዙም ሳትሾር ትሄዳለች። እግር ከመካከሏ ገለል ብሎ ካገኛት ግን እየሾረች ትበራለች። የምትሾር ኳስ በዙሪያዋ ያለውን አየር ወደ አንድ ወገን ትገፋዋለች፤ አየሩም በአጸፋው እሷን ወደ ሌላው ወገን ይገፋታል። ይህንን ጀርመናዊው ሊቅ ጉስታቭ ማግኑስ ስለ መድፍ ጥይት ሲመራመር በ1852 ስለ ገለጠው በስሙ ይጠራል። የዲዲ ኳስ ከተከላካዮቹ አናት በላይ ሽቅብ ከወጣች በኋላ፣ ከዛፍ እንደ ረገፈ ቅጠል ተዛንፋ ድንገት ትወርዳለች። በረኛው ወደ ውጭ ወጣች ሲል ከመረቡ ውስጥ ያገኛታል።

በ1957 ብራዚል ፔሩን ሪዮ ላይ 1 ለ0 አሸንፋ ወደ ዓለም ዋንጫ ያለፈችው በዚህ ምት ነው። በ1958 በስዊድን በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ባለ አገሮቹ ቀድመው ሲያገቡ፣ ዲዲ ኳሷን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ሜዳው መካከል ተራመደ፤ የጓደኞቹም ድንጋጤ በርምጃው በረደ። ብራዚል 5 ለ2 አሸነፈች፤ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋችም እሱ ተባለ። በ1962 ዋንጫውን ደገመ። በ1957 ያስቀራትን ፔሩንም አሠልጥኖ ለ1970 የዓለም ዋንጫ አበቃት፤ በሩብ ፍጻሜው ያሸነፈቻት የገዛ አገሩ ብራዚል ነበረች። በ2001 ሪዮ ላይ ዐረፈ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን በቀመር የሚያሰሉትን ዲዲ በታመመ እግሩ ደጋግሞ በመሞከር ደረሰበት። እኛስ በጉልበት ብቻ ከመለጋታችን በፊት ኳሷን የት ላይ እንደምንነካት ብናስብ ምን ይጎዳናል?