ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር፦ ዲንን በዜማ ያስተማሩ ዓሊም



ላሊበላ ላይ ያደገ ልጅ ትምህርትና ዜማ አብረው እንደሚሄዱ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። በአንድ በኩል የቆሎ ተማሪዎች ከመሪጌታቸው ፊት ድጓውን እያዜሙ ያጠናሉ። በሌላ በኩል እኛ ቁርአን ቤት ሎሕ ይዘን ሂጃውን በዜማ እንቀራለን። በላስታ ደጋ ሙስሊሙ ጥቂት ነው፤ ኪታብ የሚቀራው ደግሞ ከጥቂቱም ጥቂት። ሆኖም ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን የአላህን ሲፋት፣ የነቢዩን ሰ.ዐ.ወ. ሲራ፣ የቀብርን ጥያቄ ያውቃሉ። ከየት ተማራችሁት ቢባሉ ብዙዎቹ የሚጠቅሱት ኪታብ የላቸውም። የተማሩት ከመንዙማ ነው።

ይህን መንገድ በአማርኛ ካቀኑልን የወሎ ዑለማ መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።

ያደጉበት አገር

ሸህ ጦልሃ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1853 ገደማ ሲሆን የአርጎባ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ወሎ የዒልም አገር ነበር። ከእሳቸው በፊት ሸህ ሙሐመድ ሻፊ ጀማ ንጉሥን የዒልምና የዒባዳ ማዕከል አድርገው፣ መውሊድ በሐድራ የሚከበርበትን ሐሪማ ትተው አልፈዋል። በየሐሪማው ደረሳው ከሸኹ ፊት ተቀምጦ ተውሒዱን፣ ፊቅሁን፣ ነሕዉን ኪታብ በኪታብ ይቀራ ነበር።

ከነዚህ ኪታቦች ብዙዎቹ ግጥም መሆናቸውን መድረሳ ያየ ሁሉ ያውቃል። የኢብኑ ማሊክ አልፊያ የዐረብኛን ሰዋስው በ1000 ያህል ቤት የያዘ ነው። መንዙማ የሚለው ቃልም ከዐረብኛው ነዝም የመጣ ነው፤ ዶቃን በክር እንደ መሰካት ቃልን በሥርዓት ማሰናኘት ማለት ነው። ዒልምን በቤት በቤቱ አድርጎ ለቃል ጥናት ማመቻቸት እንግዲህ የዑለማው የቆየ የማስተማሪያ ዘዴ ነው። ልዩነቱ አልፊያ ለደረሳ መሆኑ ነው። የሸህ ጦልሃ የአማርኛ መንዙማ ግን ለገበሬው፣ ለሸማኔው፣ ለነጋዴው፣ ጓዳ ላለችው እናት ነው።

የቦሩ ሜዳ ፈተና

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ደሴ አጠገብ ባለው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሳ ታዘዘ። ለሹማምንቱ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነበር፤ ለተራው ሕዝብ ደግሞ ሦስት ዓመት። ኢማም ሙሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ብዙ ሰው ወደ መተማና ወደ ደቡብ ተሰደደ። ያልተሰደደው ቀን ሌላ፣ ሌሊት ሌላ ሆኖ ኖረ።

ሸህ ጦልሃ ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ፤ ከእኛ ብዙም አይበልጡም። እሳቸው ግዳጁን በግልጽ ከተቃወሙት ዑለማ ወገን ሆኑ፤ ሕዝቡንም ለትግል አነሳሱ። የንጉሠ ነገሥቱን ኃይል በመሣሪያ ማሸነፍ ግን አልተቻለም። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ እስከ ወደቁ ድረስ የወሎ ሙስሊም ኑሮ መከራ የበዛበት ነበር።

በዚያ ዘመን ኪታብ ይዞ መገኘት ሊያስጠረጥር ይችላል። ደረሳ ይበተናል፣ ሸኽ ይሰደዳል። በልብ ያለን መንዙማ ግን የሚቀማ የለም። እናት ልጇን ስታስተኛ፣ ገበሬ ሞፈሩን ይዞ ሲውል ሊያዜመው ይችላል።

መንዙማ እንደ መድረሳ

ሸህ ጦልሃ መንዙማቸውን የጻፉት አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በአጀሚ ነው። በውስጡ ተውሒድ አለ፣ የነቢዩ ሰ.ዐ.ወ. ውዳሴ አለ፣ ወደ አላህ የሚደረግ ልመና አለ። አጀሚ ግን ለብቻው የሚበቃ ጽሕፈት አይደለም። ዐረብኛ ሦስት ሐረካት አለው፤ የአማርኛ ድምፅ በሰባት ይሄዳል። ስለዚህ ኦና ኡ፣ ኤና ኢ በአንድ ምልክት ሊጻፉ ይችላሉ። እንደ ጨ እና ኘ ያሉትም በዐረብኛ ስለሌሉ ጸሐፊዎች ነጥብ እየጨመሩ ፊደል ማበጀት ነበረባቸው። መንዙማውን በጆሮው ያልሰማ አንባቢ በወረቀቱ ላይ ይደናቀፋል። የሰማው ግን ዜማው እየመራው ያነባል። ሙሉው ነገር ያለው በወረቀቱና በድምፁ መካከል ነው።

አባባሉም ራሱ የትምህርት ሥርዓት ነው። መሪው አዝማቹን ያወጣል፣ ጀመዓው ይቀበላል። ቀጥሎ መሪው አዲስ ቤት ይጨምራል፣ ጀመዓው እንደገና ወደ አዝማቹ ይመለሳል። ዋናው ቁም ነገር በአዝማቹ ስለሚደጋገም በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ በአፍ ይመላለሳል፤ ዝርዝሩ ደግሞ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይገባል። አንድ ቃል ቢዘነጋ ቤቱ አይመታም፣ ዜማውም ይሰበራል፤ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። እኛ ምሕንድስና የምንማር ሰዎች መረጃ ስንልክ ስህተትን የሚያሳብቅ ትርፍ ነገር እንጨምራለን። የወሎ ዑለማ ያንኑ ሥራ በቤት መምቻ ሠርተውታል።

ሸህ ጦልሃ ከዐፄ ዮሐንስ ሞት በኋላ 47 ዓመት ያህል ኖረው እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ አኺራ ሄዱ። ያነሱት ጦር አብቅቷል፣ መንዙማቸው ግን አላበቃም።

ለእኛስ?

ዛሬ በየግቢው ስለ መንዙማ ክርክር አለ። ድቤውና ጭብጨባው ላይ ዑለማ ይለያያሉ፤ የዚያን ብይን ለእነሱ እንተወው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በክርክሩ መሐል መንዙማውን የሰርግ ማድመቂያ ብቻ አድርገን ወይም ጭራሽ ጥለነው ስንሄድ፣ የተሸከመውን ትምህርት ማን እንደሚረከበው አናስብም። ሴት አያቴ ጥጥ ስትፈትል የምትለው መንዙማ የማን እንደሆነ አታውቅም፤ ግን የኢማንን ማዕዘናት በቅደም ተከተል ትቆጥርበታለች። እኔ ያንኑ ከመጽሐፍ ተምሬ ለፈተና ስጠየቅ አንዱን ዘንግቻለሁ።

የሸህ ጦልሃን ሕይወት መርምረው የጻፉልን የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ናቸው። እሳቸውም የወሎን ታሪክ ሲጽፉ በወረቀት ብቻ አልቆሙም፤ በየአገሩ እየዞሩ ሽማግሌ ጠይቀዋል። እኛ ዛሬ በኪሳችን መቅጃ ይዘን እንዞራለን። ለእረፍት ወደ የጁ፣ ወደ ራያ፣ ወደ ቃሉ፣ ወደ ላስታ የምትሄዱ እህት ወንድሞች አንዲት እናት ወይም አንድ ሸኽ ፊት ቁጭ በሉ። የሚሉትን ቅዱ፤ ከማን እንደሰሙትም ጠይቁ። አጀሚው በእጃቸው ካለ ሲያነቡት አብራችሁ ቅዱት፤ ያለ ድምፁ ወረቀቱ ግማሽ ነውና።

አላህ ሸህ ጦልሃንና ዒልምን በጭንቅ ቀን ያሻገሩልንን ዑለማ ሁሉ ይዘንላቸው፣ እኛንም አደራቸውን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።