ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር፦ ከቦሩ ሜዳ ዐዋጅ እስከ መንዙማ

ከደሴ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄድን ቦሩ ሜዳን እናገኛለን። ብዙዎቻችን እናልፍበታለን እንጂ ቆም ብለን አናስታውሰውም። እ.ኤ.አ. በ1878 አፄ ዮሐንስ አራተኛ ጉባኤ የጠሩት እዚህ ነው። ጉባኤው በዋናነት የክርስቲያኖቹን የእርስ በርስ ክርክር ለመቋጨት ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲያ የመጣው ትእዛዝ የወሎን ሙስሊም ኑሮ ከሥሩ አናጋው፤ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ከሕዝቡ የተሰደደ አለ፣ ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ የኖረም ብዙ ነው። በእነዚያ አባቶችና እናቶች ላይ ዛሬ በሰላም ተቀምጠን አንፈርድም።

እ.ኤ.አ. በ1853 አካባቢ የተወለዱት ሸኽ ጦልሃ ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ገደማ ወጣት ነበሩ። ትእዛዙን አልተቀበሉም። በ1880ዎቹ የተነሣውን ተቃውሞ መሩ፣ የመንግሥት ጦርም ዘመተ። አፄ ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ ሲሞቱ ግን ሸኹ በሕይወት ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ኖረዋል።

ብዙ ሰው የሚያነሳው ጦርነታቸውን ነው። እኛ ግን የሚበልጥብን ብዕራቸው ነው። ሸኹ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ግጥም፣ ማለትም ዐጀሚ ትተዋል። የዚህን ጥቅም የሚያውቀው ደረሳ የነበረ ሰው ነው። ኪታቡ ዐረብኛ ነው፤ ደረሳው ከሸኽ ወደ ሸኽ እየዞረ፣ የመንደሩ ሰው በሚሰጠው ምግብ እያደረ ዓመታት ይቀራል። ከብት የሚጠብቀው ልጅና ወፍጮ ላይ ያለችው እናትስ? ለእነርሱ ዲኑ የሚደርሰው በሚያውቁት ቋንቋ፣ በዜማ ነው። መስጂድ ቢዘጋ፣ ኪታብ ቢቃጠል፣ በቃል የተያዘ መንዙማ አይወሰድም።

ዛሬ በመድረሳዎቻችን የቦሩ ሜዳን ታሪክ ስናስተምር ሁለት መንገድ ያጋጥመናል፤ አንዳንዱ እንዳይነካ ይሸፋፍነዋል፣ አንዳንዱ ለቂም ያነሳዋል። ሁለቱም አይጠቅሙንም። የወሎ ልጅ አጎቱ ሙስሊም፣ አክስቱ ክርስቲያን ሊሆኑ ይችላሉ። ግፉን እንዳለ መንገር፣ ግን ያልበደለውን ጎረቤት ባለዕዳ አለማድረግ፤ ኡስታዞቻችን ይህን ከሸኹ ታሪክ ጋር አብረው ቢያስተምሩ እንወዳለን።

ሸኽ ጦልሃ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ዓመት፣ ወደ አኺራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።