ንጉሥ ሚካኤልና የቦሩ ሜዳው ስም

ከኮምቦልቻ ተነሥተን ጠመዝማዛውን ዳገት ጨርሰን ደሴ ስንገባ፥ ከተማዋን መናገሻቸው ያደረጓት ንጉሥ ሚካኤል መሆናቸውን ከመካከላችን የማያውቅ የለም። አይጠየፍ የሚባለውን የግብር አዳራሽ ያሠሩትም እርሳቸው ናቸው። ሲወለዱ ግን ስማቸው ሚካኤል አልነበረም። በ1840ዎቹ የተወለዱት የወረሂመኖው ኢማም አሊ አባ ቡላ ልጅ መሐመድ አሊ ነበሩ።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። የካህናቱ ክርክር ከተቆረጠ በኋላ ነገሩ ወደ ሙስሊሙ ዞረ። ሹማምንቱ ወይ እንዲጠመቁ፥ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዘ። መሐመድ አሊ ተጠመቁ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ክርስትና አባት ሆነው ሚካኤል አሏቸው። ተቀናቃኛቸው አመዴ ሊበንም በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ።

ሼኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ግን እንቢ ብለው ተከታዮቻቸውን አስነሥተው ተዋጉ። ከተራው ሕዝብም ቀን ክርስቲያን መስሎ፥ ማታ በቤቱ በአባቶቹ ሥርዓት የሚሰግድ ብዙ ነበር።

እኛ ተማሪዎች ስንከራከር ሼኽ ጦልሃን ለኅሊናቸው የታመኑ፥ ሚካኤልን አስመሳይ ማለት ይቀናናል። ስለ ሼኹ የተባለውን እንቀበላለን፤ የሁለተኛው ፍርድ ግን ችኮላ ይመስለናል። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሲሞቱ ግዳጁ ላላ፤ ተገደው ከተጠመቁትም ብዙዎች ወደ ቀደመው ሃይማኖታቸው ተመለሱ። ራስ ሚካኤል አልተመለሱም። ደሴ ላይ መድኃኔ ዓለምን አሠሩ። እርግጥ ነው፥ የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ነበርና መመለሱ ብዙ ያሳጣቸው ነበር። ጥቅም የት ላይ አብቅቶ እምነት የት ላይ እንደ ጀመረ እርሳቸውም ለይተው ያወቁት አይመስለን። በግድ የተቀበሉትን ነገር ኖረውበት የራሳቸው ያደረጉ ሰው ናቸው ብንል ግን ወደ እውነቱ የምንቀርብ ይመስለናል።

በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ መርተው የዳቦርሚዳን ጦር ወጉ። በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የወሎና የትግሬ ንጉሥ አድርገው አነገሧቸው።

የመጣባቸው ፈተና የሚገርም ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሰልመዋል ተብለው ከሥልጣን ወረዱ። አባትየው ቦሩ ሜዳ ላይ የተዉት ሃይማኖት ከ38 ዓመት በኋላ ለልጃቸው ክስ ሆኖ መጣ። ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸውን ክደው ክርስቲያንነታቸውን ለሸዋ መኳንንት ማስመስከር ይችሉ ነበር። ይህን አላደረጉም፤ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ግን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ልጃቸው አልደረሱላቸውም።

በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ። ሚካኤል ተብለው 40 ዓመት ኖረዋል፤ መሐመድ አሊ ተብለው የኖሩት ከዚያ ያንሳል።