የሽማግሌዎች ባለውለታ፥ ሰር ፒተር ፍሬየር

ሰው በዕድሜ ሲገፋ የፀጉሩ መሸበትና የጉልበቱ መድከም ለሁሉም ይታያል። ተሰውሮ የሚኖር ሌላ ጭንቅ ግን አለ። ይኸውም ፕሮስቴት የተባለው የወንዶች እጢ ነው። ከሽንት ፊኛ በታች የሽንቱን መውረጃ ዙሪያውን ከቦ ይገኛል፤ በእርጅና ጊዜ እያደገ ሲሄድም መውረጃውን ያጠበዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት እንዲህ ያለ ሽማግሌ በቀን ብዙ ጊዜ ቀጭን ቧንቧ እያስገባ ሽንቱን ያወጣ ነበር። በዚህም ሳቢያ ፊኛውና ኵላሊቱ እየመረቀዘ ብዙው ይሞት ነበር። ዛሬ ታሪኩን የምናቀርበው ሐኪም ስሙ የተጠራው ይህን መከራ በማቃለሉ ነው።

ፒተር ፍሬየር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1851 ዓ.ም. በአየርላንድ ምዕራብ፥ በጎልዌይ አውራጃ ተወለደ። በ1874 በጎልዌይ ኮሌጅ ሕክምና ተምሮ ጨረሰና በ1875 በሕንድ አገር በእንግሊዝ መንግሥት የሕክምና አገልግሎት ገባ። በዚያም ሃያ ዓመት ያህል ሲሠራ፥ የፊኛን ጠጠር ሆድ ሳይቀድ እዚያው ፈጭቶ በማውጣት ዝነኛ ሆነ። የራምፑር ገዢ ስለ ተፈወሰ አንድ መቶ ሺህ ሩፒ ቢሰጠው፥ በዚህ ገንዘብ ምክንያት ከመንግሥቱ ጋራ ክርክር ገጠመ።

ከዚህ በኋላ ጡረታ ወጥቶ በ1897 በሎንዶን የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሐኪም ሆነ። በ1900 ዓ.ም. ታኅሣሥ 1 ቀን ለአንድ የ69 ዓመት ሽማግሌ ኦፕራሲዮን አደረገ። ከእምብርት በታች ቀዶ ፊኛውን ከፈተ፤ በአንድ እጁ ጣት ከፊንጢጣ በኩል እጢውን ወደ ላይ እየገፋ፥ በሌላው እጁ ጣት ያደገውን ሥጋ ከሽፋኑ ፈልፍሎ አወጣው። በሚከተለው ዓመት የአራት በሽተኞቹን ታሪክ በእንግሊዝ የሐኪሞች መጽሔት አሳተመ።

ነገር ግን ሙግት ተነሣ። የኒው ዮርኩ ሐኪም ዩጂን ፉለር ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ በ1895 አሳትሞ ነበርና። ፍሬየር ግን ዘዴው የራሴ ነው ከማለት አልተመለሰም። እኛ እንደምናየው ቀዳሚነቱ የፉለር ነው፤ ለፍሬየርም ይህን ማመን ክብሩን ባልቀነሰበት ነበር።

የፍሬየር እውነተኛ ውለታ ሌላ ነውና። የዳነውንም የሞተውንም እየቈጠረ መዝግቦ ለሙያ ጓደኞቹ ፍርድ አቀረበ። በ1912 አንድ ሺህ ኦፕራሲዮኖችን ሲያስታውቅ፥ ከመቶ የሞቱት አምስት ወይም ስድስት ያህል ብቻ ነበሩ። ያመነታ የነበረውን ሐኪም ያሳመነው ይህ ቍጥር ነው፤ ሐኪሞች ካመኑ ደግሞ በሽተኛው ተስፋ አገኘ። ትምህርት ላይ ላለ ወጣትም ሆነ መዝገብ ለሚይዝ የመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ የሚወሰድ ቁም ነገር አለ፤ ጕድለቱን የማይሰውር መዝገብ ከጩኸት ይልቅ ይታመናል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮችን አክሞ በ1917 የሰርነት ማዕርግ ተቀበለ። በ1921 በሎንዶን ሞተና አስከሬኑ ወደ ትውልድ ቦታው ተወስዶ በክሊፍደን ተቀበረ።

ዛሬ ብዙው በሽተኛ በመድኃኒት ይረዳል፤ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገውም አብዛኛውን ጊዜ ሆዱ ሳይቀደድ በሽንቱ መውረጃ በሚገባ መሣሪያ ይታከማል። ሆድን ቀዶ ማውጣት የቀረው በተለይ እጅግ ላደገ እጢ ነው። ስለዚህ ሌሊት በተደጋጋሚ እየተነሣ ሽንቱ የሚያስጨንቀው አባት ቢኖር፥ የእርጅና ነገር ነው ብሎ ዝም ከማለት ይልቅ ከሐኪም ዘንድ እንዲደርስ ማድረግ የልጆቹ ፋንታ ነው።