የፈላ ውሃና የነጎድጓድ መዝገብ፦ አንቷን ዳባዲ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ቋሚ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ከመተከሉ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ የደጋውን አየር በመሣሪያ እየለኩ ከመዘገቡት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ አንቷን ዳባዲ ነው። የሕይወት ታሪኩ ምልከታና መደምደሚያ ተለያይተው ሊመዘኑ እንደሚገባ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳባዲ በ1810 በደብሊን ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ፤ ያደገውና የተማረው ግን በፈረንሳይ ነው። በ1830ዎቹ አጋማሽ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ለምርምር ወደ ብራዚል ላከው። ከዚያ መልስ፣ በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ገባ፤ እስከ 1848ም ጎንደርን፣ ጎጃምንና ከግቤ ማዶ ያሉትን አገሮች ሲያጠና ቆየ።

ከፍታን ከለካባቸው ስልቶች አንዱ የውሃን መፍያ ሙቀት መመዝገብ ነበር። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል። ለምሳሌ ከየካ ሚካኤል በላይ በተዘረጋው በእንጦጦ ተራራ፣ ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ በሆነበት አናት፣ ውሃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የአንድ ዲግሪ ስሕተት የ300 ሜትር ያህል የከፍታ ስሕተት ስለሚያስከትል ስልቱ ከፍተኛ ጥንቃቄን ይጠይቅ ነበር። ዳባዲ የነጎድጓድን ክሥተትም ተከታትሎ መዝግቧል፤ በኢትዮጵያ ነጎድጓድ ላይ ያተኮረ ጥናቱም በ1858 ታትሟል።

ከባዱ ፈተና የመጣው ከዓባይ ጥያቄ ነው። ዳባዲ በ1846 የግቤን ምንጭ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ አወጀ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ግን ይህን ከመቃወም አልፎ፣ ዳባዲ ወደ ከፋ መሄዱን ራሱ ተጠራጠረ፤ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የተሸለመውንም ሜዳልያ በተቃውሞ መለሰ። በዓባይ ረገድ የተሳሳተው ዳባዲ ነበር፤ የግቤ ውሃ ከኦሞ ጋር ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል እንጂ ዓባይን አይገናኝም። ክርክሩ ግን የሰውየውን ታማኝነት ጭምር የነካ ነበር።

ለዚህ ጥርጣሬ ጠንካራው ምላሽ የሥራው መዝገብ ሆነ። ዳባዲ ከሮዶልፍ ራዶ ጋር በመተባበር የኢትዮጵያን ጂኦዴሲ ከ1860 እስከ 1873 በተከታታይ አሳተመ፤ በብራዚልና በኢትዮጵያ ያደረጋቸው የምድር ፊዚክስ ምልከታዎችም በ1873 ወጡ። ከየቦታው የለካቸው አቅጣጫዎች ከነቁጥራቸው ስለቀረቡ፣ ሌላ ተመራማሪ ስሌቱን እንደገና መሥራት ይችል ነበር። በኋላ የመጡ ተጓዦችም ስለ ጉዞው የሰጠው መረጃ በአመዛኙ የታመነ መሆኑን አረጋገጡ።

ዳባዲ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ በ1892 የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1897 በፓሪስ አረፈ። ስለ ነጭ ዓባይ ምንጭ የደረሰበት መደምደሚያ ውድቅ ሲሆን፣ ልኬቶቹ ግን ለደጋው ኢትዮጵያ ካርታ ሥራ አገልግለዋል።