የኬት ሼፐርድ ሕይወትና 270 ሜትር የሆነው አቤቱታ

በዛሬው የታላላቅ ሰዎች ሕይወት ዓምዳችን የኬት ሼፐርድን ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ይህች ሴት በኒውዚላንድ ለሴቶች የመምረጥ መብት ከታገሉት ሁሉ ስሟ ቀድሞ የሚነሳ ናት። እኛን ግን ይበልጥ የገረመን የታገለችበት መሣሪያ ነው። መሣሪያዋ አቤቱታ ነበር፤ ያውም በመጀመሪያው ጊዜ ተንቆ የተመለሰ አቤቱታ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኬት በ1840ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር፣ በሊቨርፑል ከተማ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ተወለደች። አባቷ ከሞቱ በኋላ እናቷ ልጆቻቸውን ይዘው ባሕር ተሻገሩና በ1869 ኒውዚላንድ ገቡ። ቤተሰቡ የተቀመጠው በክራይስትቸርች ከተማ ነው። በ1871 ኬት ዋልተር ሼፐርድ የተባለ ነጋዴ አገባች፤ አንድ ወንድ ልጅም ወለደች።

በዚያን ጊዜ ኒውዚላንድ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ሆኖም ከ1854 ጀምሮ የራሷ ፓርላማ ነበራት። ፓርላማው ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩት፤ አንደኛው በምርጫ የሚገባበት፣ ሁለተኛው አባሎቹ በሹመት የሚቀመጡበት የላይኛው ምክር ቤት ነው። ከ1879 ወዲህ ወንድ ሁሉ ለአቅመ አዳም ከደረሰ ይመርጥ ነበር። ሴት ግን አትመርጥም።

አቤቱታ ማቅረብ ግን ለማንም አልተከለከለም፤ ሴቶችም ይችሉ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። አመልካቹ ጉዳዩን ጽፎ ይፈርማል። እሱ ራሱ ገብቶ ማቅረብ ስለማይችል አንድ የምክር ቤት አባል ይዞለት ይገባል። ከዚያ ወረቀቱ ወደ አቤቱታ መርማሪ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው አይቶ መንግሥት ቢያስብበት መልካም ነው ይላል፤ ወይም የምንለው የለንም ብሎ ይዘጋዋል። መልካም ነው ቢባልም እንኳ መንግሥት የመፈጸም ግዴታ የለበትም። እንግዲህ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ኬት ይህን ያየችው በ1885 ነው። በዚያ ዓመት ሜሪ ሌቪት የምትባል አሜሪካዊት ወደ ኒውዚላንድ መጥታ ስካርን ስለመዋጋት አስተማረች። ኬትና ጓደኞቿም የክርስቲያን ሴቶች ፀረ መጠጥ ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩ ሴቶች በመጠጥ ቤት አስተናጋጅነት እንዳይቀጠሩ፣ ለሕፃናትም መጠጥ እንዳይሸጥ ለፓርላማው አመለከተ። ኮሚቴው አልተቀበለውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ዝም ይል ነበር። ኬት ግን ምክንያቱን ፈለገች። የምክር ቤቱ አባል የሚፈራው በምርጫ ቀን ድምፁን የሚነፍገውን ሰው ነው። ድምፅ የሌላትን ሴት ምን ብሎ ይፍራት? ስለዚህ ስለ መጠጡም ሆነ ስለ ሌላው ከመጠየቅ በፊት ድምፁን መጠየቅ እንደሚገባ ተረዳች። በ1887 የማኅበሩ የምርጫ መብት ክፍል ኃላፊ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ጉድ የሚያሰኝ ነው። ኬት በራሪ ጽሑፍ ታዘጋጃለች፣ ለምክር ቤት አባሎች ትልካለች፣ ስብሰባ ትጠራለች፣ በየአውራጃው ላሉት ሴቶች ደብዳቤ ትጽፋለች። ሴቶቹም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ፊርማ ያሰባስባሉ። በ1891 ከ9 ሺህ በላይ ፊርማ ቀረበ። የታችኛው ምክር ቤት ሕጉን ሲያሳልፈው የላይኛው ጣለው። በ1892 ፊርማው ከ19 ሺህ በላይ ሆነ፤ ያም ከሸፈ። ተቃዋሚዎቹም ዝም አላሉም። ሄንሪ ፊሽ የተባለ የምክር ቤት አባል ሰው ቀጥሮ በመጠጥ ቤቶች የተቃውሞ ፊርማ አስለቀመ። ነገር ግን ብዙው ፊርማ የሐሰት ወይም በማታለል የተገኘ መሆኑ ስለታወቀ ነገሩ በራሱ ላይ ተገለበጠ።

በ1893 ሴቶቹ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሱ። ፊርማው ሁሉ ተደምሮ 32 ሺህ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ይህም ከአውሮፓ ዝርያ ከነበሩት አዋቂ ሴቶች ሩብ ያህሉ ማለት ነው። ኬት ዋናውን አቤቱታ ከ500 በላይ የሆኑ ወረቀቶች ጫፍ ለጫፍ አጣብቃ በመጥረጊያ እንጨት ላይ ጠቀለለችው። ርዝመቱ 270 ሜትር ያህል ሆነ። ቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሰር ጆን ሆል ይዘውት ገብተው በምክር ቤቱ ወለል ላይ ተረተሩት። ከእንግዲህ ማን አላየሁም ይላል?

ቢሆንም አቤቱታው ብቻውን አልጨረሰውም። የመጠጥ ነጋዴዎች በበኩላቸው ሕጉ ይጣል ብለው ለላይኛው ምክር ቤት አመለከቱ። የመንግሥቱ መሪ ሪቻርድ ሴዶን ሕጉን ስላልወደደ ከወገኖቹ አንዱ ድምፁን እንዲለውጥ በቴሌግራም አግባባው። ይህ ጣልቃ ገብነት ያስቆጣቸው ሁለት ተቃዋሚዎች ግን ድምፃቸውን ለሕጉ ሰጡ። ውጤቱ 20 ለ18 ሆነ። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1893 አገረ ገዢው ፈረመበትና ኒውዚላንድ ለሴቶች ሁሉ የፓርላማ ምርጫ ድምፅ በመስጠት ከራሷን አስተዳዳሪ አገሮች የመጀመሪያዋ ሆነች። የማኦሪ ሴቶችም በሕጉ ተካተዋል። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ 90 ሺህ ያህል ሴቶች ድምፅ ሰጡ።

ትግሉ ግን በዚያ አላበቃም። ኬት በ1896 የሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ሆነች። ሴቶች ለፓርላማ እንዲወዳደሩ የተፈቀደው በ1919 ሲሆን አንዲት ሴት ተመርጣ የገባችው ገና በ1933 ነው። ኬት ይህን አይታ በ1934 አረፈች። ዛሬ ምስሏ በአገሯ የ10 ዶላር ኖት ላይ አለ። ያ ረጅም ጥቅልልም በዌሊንግተን ከተማ ተጠብቆ ይታያል።

ታዲያ ይህ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ምናችን ነው? ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ባላገሩ ማመልከቻ አስጽፎ ለመሄድ የመምህሩን በር ማንኳኳቱ አይቀርም። እኛም እንጽፍለታለን፣ ደግ ነው። ግን አንዱ ብቻውን ያመለከተበት ወረቀት መዝገብ ቤት ገብቶ ሊቀር ይችላል። ጎረቤቱን አስተባብሮ፣ የፈረመበትን አውቆ፣ ሲመለስበትም ደግሞ የሚሄድ ሰው ግን በቀላሉ አይሸኝም። በጣት አሻራ ፈንታ ስሙን በእጁ እንዲጽፍ፣ ከመፈረሙም በፊት እንዲያነብ ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው።