ጐል አግቢው ይድነቃቸው ተሰማ

ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የመጣን ተማሪዎች የገና ጨዋታን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ማን ስንት ጊዜ እንዳገባ ግን በማግሥቱ የሚያስታውስ አይገኝም፤ የሚጽፍማ ከየት ይመጣል! እግር ኳስ ወደ አገራችን ሲገባ ቍጥር የሚባል አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ከቀደምት ጐል አግቢዎች መካከል በቍጥሩ ስማቸው ገንኖ የሚጠራው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ365 ግጥሚያ 318 ጐል። አካፍለን ብናየው በየስምንቱ ግጥሚያ ሰባት ገደማ ይደርሳል።

መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ድምፃቸውን በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረፁት ባለ ቅኔ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። እሳቸውም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ።

አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲመሠርቱ ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ሆነው ገቡበት። ወራት ሳይቈጠሩ ጠላት ከተማዋን ያዘ። ፋሽስቱ መንግሥት ሐበሻና ጣልያን በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠሙ ከለከለ። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፤ ኳስ የቆዳ ቀለም አታውቅምና ገዢው ቢሸነፍ ኀፍረቱ ለማን ሊሆን ነው?

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተደረገ። የእንግሊዝ ጦር፣ የጣልያኖች፣ የግሪኮችና የአርመኖች ቡድኖች ባሉበት ከተማ ሐበሾቹን ይዞ የቆመው ጊዮርጊስ ነበር። ዋንጫውን እንግሊዞች ወሰዱ። ቢሆንም ያን ጊዜ የገቡትን ጐሎች እኛ ከሌሎቹ አብልጠን እንመዝናቸዋለን፤ ትናንት አትጋጠሙም የተባሉ ልጆች ናቸውና ያገቧቸው።

አቶ ይድነቃቸው እየተጫወቱ የስፖርት ሕጎችን ወደ አማርኛ መለሱ፤ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስም ከሜዳ አልወጡም። ከዚያ በፊት በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ ከውድድሩ ወጣች። ስለዚህ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰችና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው ኤድ-ዲባ ብቻውን ነው።

ብድሩ በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመለሰ። አቶ ይድነቃቸው ባሠለጠኑት ቡድን ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች። የመጨረሻዋን ጐል ያገባው መንግሥቱ ወርቁም ከግብፁ ባዳዊ ጋር በ3 ጐል የውድድሩ ኮከብ አግቢ ሆነ።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በአዲስ አበባ ሜዳ በልጅነታቸው ያዩትን ክልከላ በጆሃንስበርግ እንዳለ እንዲቀጥል አልፈቀዱም፤ አፍሪካውያን ባደረጉት ግፊት ፊፋ በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን አባረረ። ተመልሳ የገባችው በ1984 ዓ.ም. ነው። አቶ ይድነቃቸው ግን ከፕሬዚዳንትነታቸው ሳይወርዱ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐርፈው ነበር።